«እሷው ናት የላከችለት»

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

ይህን የምጽፍልዎ ጨንቆኝ ነው። ልጄ 16 ዓመቱ ነው፣ 11ኛ ክፍል። ከአንዲት የክፍሉ ልጅ ጋር ፍቅረኛሞች ነበሩ አሉ፤ እኔ አላውቅም ነበር። እሷም 16 ዓመቷ ነው። በዚያን ጊዜ ልብሷን አውልቃ የተነሳችውን ፎቶ ልካለት ኖሯል። ከተጣሉ በኋላ ወንዶች ብቻ ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀው። ከዚያ ወደ ሌላ ግሩፕ ሄደ። ልጅቷ ትምህርት ቤት መምጣት አቁማለች።

ስልኩን ቀምቼ ስፈትሽ ሌላ ጉድ አገኘሁ። ፎቶውን ከመልቀቁ በፊት «ካልተመለስሽ ለሁሉም ነው የማሳየው» ብሎ በድምፅ ልኮላታል። የራሱ ድምፅ ነው።

አባቱ «የልጅ ነገር ነው፤ ፎቶውን እሷው ናት የላከችለት፣ ምን ይመጣል?» ይላል። ሽማግሌ ልከን፣ ትንሽ ገንዘብም ሰጥተን ቤተሰቧ ለፖሊስ እንዳያመለክት እናድርግ ባይ ነው። ስልኩንም ፎርማት እናስደርገው ብሏል። ትምህርት ቤቱ ሰኞ ጠርቶናል። ልጄ ይታሰር ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። የልጅቷን እናት ደግሞ በዓይን አውቃታለሁ፤ ገበያ ላይ ሰላም እንባባላለን። ምን ላድርግ?

የጨነቃት እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ፣ ሳላድበሰብስ ልንገርዎ፤ አዎ፣ ሊታሰር ይችላል። ባለቤትዎ «የልጅ ነገር» ያሉት ሕጉ እንደዚያ አያየውም።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚባል አለ። አንቀጽ 12 ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ግልጽ ወሲባዊ ድርጊት ሲፈጽም የሚያሳይ ምስል ስላዘጋጀ፣ ስላሰራጨ፣ ይዞም ስለተገኘ ሰው ይናገራል። ቅጣቱ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። የእርቃን ፎቶ ብቻውን «ወሲባዊ ድርጊት» ነው ወይስ አይደለም ብሎ ጠበቃ ሊከራከር ይችላል። ይከራከር፤ ሥራው ነው። እናንተ ግን ይህን ተማምናችሁ አትቀመጡ። ምክንያቱም አንቀጽ 13 አለ። በምስል ወይም በድምፅ መልእክት ሰውን ያስፈራራ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ነገሩ ከከበደ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። የሰውን ክብር የሚያጎድፍ ምስል ያሰራጨም እንዲሁ እስከ 3 ዓመት ሊታሰር፣ ወይም መቀጮ ሊከፍል፣ ወይም ሁለቱም ሊደርስበት ይችላል። ስልኩ ውስጥ ያገኙት የድምፅ መልእክት እንግዲህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዕድሜው ይረዳዋል? በከፊል። በወንጀል ሕጉ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች እንደ አዋቂ አይቀጡም፤ የተለየ የእርማት ሥርዓት አላቸው። ከ15 አልፎ 18 ያልሞላው ግን በመደበኛው ሕግ ነው የሚዳኘው። ዳኛው ዕድሜውን፣ ጠባዩንና የመታረም ተስፋውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ሕገ መንግሥቱም ማረሚያ የገባ ልጅ ከአዋቂዎች ተለይቶ እንዲያዝ ያዛል። ይህ የሚያጽናና ከሆነ ይጽናኑበት።

አሁን ወደ አባትየው ንግግር ልምጣ። እውነቱን ለመናገር ደብዳቤዎን ሳነብ ያናደደኝ እሱ ነው። «እሷው ናት የላከችለት።» አዎ፣ ላከች። ለማን? ለእሱ ብቻ። ለግሩፑ አልላከችም፤ ለአጎቶቹም አልላከችም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ፣ ያኔ ቴሌግራም ሳይታሰብ፣ የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አደባባይ እንዳይወጣና እንዳይባዛ ከልክሏል። ለአንድ ሰው ማመን ለዓለም መፍቀድ አይደለም። «ለምን ተነሳች?» የሚለውን ጥያቄ ሰፈሩ ሁሉ ይጠይቃታል፤ ቢያንስ የእናንተ ቤት ይቅርባት። «ፎቶውን ያነሳችው ራሷ ስለሆነች እሷም ትከሰሳለች» የሚል ወሬ ይዞ ወደ ቤቷ የሚሄድ ሰው ካለ ደግሞ፣ በመጀመሪያው ማስፈራሪያ ላይ ሁለተኛ መጨመሩ ነው።

ባለቤትዎ ይህችንም ያንብቧት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ የሚሆነው አባት ነው። ልጅቷ ለሕክምና ወይም ትምህርት ቤት ለመቀየር ያወጣችው ወጪ ቢጠየቅ የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው። ለህሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ግን በዚያው ሕግ ከ1 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። አዎ፣ አንድ ሺህ። ሕጉ ሲወጣ ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ለልጅቷ ስድብ ነው የሚሆነው፤ ሕግ አውጪው እስካሁን እንዴት እንዳላየው ይገርመኛል።

ሽምግልናውስ? ሽምግልናን የምቃወም ሰው አይደለሁም። ሁለት እናቶች ነገ ገበያ ላይ መተያየታችሁ አይቀርም፤ እሱን የሚያበርደው ፍርድ ቤት ሳይሆን ሽማግሌ ነው። ነገር ግን ሽማግሌ የማይዘጋው ፋይል አለ። ስም የማጥፋቱ፣ ማለትም ክብር የሚያጎድፍ ምስል የማሰራጨቱ ክፍል ተበዳይ ካላመለከተ አይከሰስም፤ ለማመልከትም ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀችበት ቀን አንሥቶ 3 ወር አላት። ማስፈራራቱና ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ምስል ማሰራጨቱ ግን የግል አቤቱታ አይጠብቅም። ፖሊስ ከሰማ ይመረምራል፣ ዐቃቤ ሕግም ይከስሳል፤ ቤተሰቡ ቢታረቅም። ስለዚህ ለአፍ ማዘጊያ ገንዘብ ይዞ መሄድ ልጃችሁን አያድነውም። ልጅቷን ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ያዋርዳታል።

ሽማግሌ የምትልኩ ከሆነ ይቅርታ ለመጠየቅና ጥፋቱን ለማመን ይሂድ። «አታመልክቱ» የሚል ቃል ከአፉ አይውጣ። አንድ ነገር አደራ፤ ፎቶውን ለማንም እንዳታሳዩ። ሽማግሌዎች «እስቲ እኛም እንየውና እንፍረድ» ማለት ይወዳሉ። ለአንድ ሽማግሌ በቴሌግራም ብትልኩለት እናንተም ምስሉን አሰራጫችሁ ማለት ነው። ለትምህርት ቤቱ ኃላፊም ቢሆን በቃል ይነገረው፣ ይበቃዋል።

ስልኩን ፎርማት አታስደርጉ። ፎቶው ከእሱ ስልክ ከወጣ ቆይቷል፤ ፎርማት ሊያጠፋው የሚችለው ማን እንዳስተላለፈው የሚነግረንን ነው። መርማሪ ፊትም «ማስረጃ አጠፉ» ያሰኛችኋል። ይልቅ ዛሬ ማታ ልጁን አጠገብዎ ያስቀምጡት። ወረቀት ይያዝ። ፎቶው የተለቀቀበትን ግሩፕ ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ፎርዋርድ ያደረጉትን ልጆች በእጁ ይጻፍ። ከዚያ እርስዎ እያዩ ከግሩፑ ላይ «ለሁሉም አጥፋ» የሚለውን ነክቶ ያጥፋው። የድምፅ መልእክቱ ግን እንዳለ ይቆይ። ወደ ሌላ ቦታ የላኩት ጓደኞቹ ጋም ወላጆቻቸውን ይዛችሁ ሂዱ። እነሱም ያው ሕግ ነው የሚጠብቃቸው፤ ብዙዎቹ «እኔ እኮ ፎርዋርድ ብቻ ነው ያደረግኩት» ይላሉ፤ ማሰራጨት ማለት ደግሞ እሱ ነው።

በኢንስታግራም፣ በፌስቡክ ወይም በቲክቶክ እንዳይወጣ ልጅቷ ራሷ ልትጠቀምበት የምትችለው «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። በአሜሪካ የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናት ማዕከል ነው የሚያስተዳድረው። ፎቶው ከስልኳ አይወጣም፤ የፎቶው ልዩ መለያ ቁጥር ብቻ ተልኮ ኩባንያዎቹ ምስሉን ሲያገኙት ያነሱታል። ከ18 ዓመት በታች የተነሳ ፎቶ ላይ ነው የሚሠራው።

ከሰኞ በፊት ጠበቃ ያነጋግሩ። አቅም ካጠረ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች የነፃ አገልግሎት ማዕከላት አሏቸው። ትምህርት ቤት ስትሄዱ ልጁ የሠራውን ራሱ ይናገር፤ አባቱ አይናገሩለት። ፖሊስ ከጠራው ግን ሌላ ነው፤ ያለመናገር መብት አለው፣ ጠበቃው ሳይመጣ ቃሉን አይስጥ። ጥፋት ማመንና መብትን መጠቀም አይጣሉም።

ለልጅቷ እናት ደግሞ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር እንደሚሰጥ ንገሯት። ልጄን ትከሳለች ብለው ከፈሩ ፍርሃትዎ ይገባኛል። ቢሆንም ይንገሯት።