ቀጭን ነው ብለሽ አትለፊው

«የአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ታካሚዎቼ ቬትናሞች፣ ቻይናዎች፣ ህንዶችና ፊሊፒኖች ናቸው። ብዙዎቹ ቀጫጭን ናቸው፤ የሚበሉትም ሩዝና አትክልት ነው። ግን የስኳር ወይም የግፊት ኪኒን የማይውጥ የለም። ነገሩ ምንድን ነው? ምን ልወቅ?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ እኔንም መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባኝ ይኸው ነበር። ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ የቤት ለቤት ነርስ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ 14 ዓመት አለፈኝ። ከተማችን የቬትናሞች መናኸሪያ ናት፤ ህንዱም፣ ቻይናውም፣ ፊሊፒኑም ሞልቷል። ስለዚህ ያየሁትን ልንገርሽ፣ ትንሽ ይረዝማል።

ልጅ ሆነን «ወፈረ» ሲባል ተመቸው፣ «ከሳ» ሲባል ታመመ ማለት ነበር። አሜሪካ ስንገባ ደግሞ ተገለበጠና ቀጭን ሁሉ ጤነኛ መሰለን። ሁለቱም ያሳስታሉ።

አንድ ህንዳዊ ታካሚ ነበረኝ። በ40ዎቹ ውስጥ ነው። ሥጋ አይበላም፣ አያጨስም፣ አይጠጣም። እጁና እግሩ ሸንበቆ ነው። እግሩ ላይ አልድን ያለ ቁስል ይዞ ነው ወደኛ የተላከው። ሸሚዙን ሲሰበስብ ግን ትንሽዬ፣ ጠንከር ያለች ቦርጭ አየሁ። የሦስት ወር አማካይ ስኳሩ፣ ማለትም ኤ ዋን ሲው፣ ከ9 በላይ ነበር። ከ6.5 ጀምሮ የስኳር በሽታ እንደሚባል ታውቂያለሽ። ይህ ሰው ለዓመታት ሐኪም ጋ ሲመላለስ «ክብደትህ ጥሩ ነው» እየተባለ ተመልሷል። አንድም ቀን ስኳሩን ያየለት አልነበረም። ያ ሰው እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ብዙ እስያውያን ላይ ስብ ከቆዳ ሥር ብቻ አይቀመጥም፤ ሆድ ውስጥ፣ ጉበትና አንጀት ዙሪያ በቶሎ ይከማቻል። በተለይ ህንዶች፣ ፓኪስታኖችና ባንግላዴሾች ላይ ጡንቻውም አነስ ይላል። ከምግብ በኋላ አብዛኛውን ስኳር ከደም የሚስበው ጡንቻ ነው። ሚዛን ደግሞ ኪሎውን እንጂ ስቡ የት እንዳለ አይነግርሽም።

ለዚህ ነው የአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 መመሪያውን የቀየረው። ለሌላው ሰው የክብደትና የቁመት ልኬቱ፣ ቢኤምአይ የምንለው፣ 25 ሲሞላ ነው በክብደቱ ምክንያት ስኳር ይመርመር የሚባለው። ለእስያውያን ግን 23 ላይ ወረደ። በኪሎ ላስቀምጥልሽ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 የሆነ ሰው 25 የሚሞላው 68 ኪሎ ሲደርስ ነው። 23 ግን 63 ኪሎ ገደማ ላይ ይመጣል። በመሀል ያለችው አምስት ኪሎ ናት ስንቱን ሰው ሳይመረመር ያሳለፈችው። ሜትር በቦርሳሽ ያዢ። ለወንድ ወገቡ ከ90 ሴንቲ ሜትር፣ ለሴት ከ80 ካለፈ፣ ሰውየው ምንም ቢቀጥን ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ ተናገሪ።

አንድ ነገር ግን አደራ። «እስያውያን» የሚለው ስም ሰፊ ነው፣ በአንድ ከረጢት አትክተቻቸው። ህንዱና ፓኪስታኑ ስኳርና የልብ ሕመም በለጋ ዕድሜ ይይዘዋል። ፊሊፒኑ ላይ ደም ግፊት ይበረታል። ኮሪያና ጃፓን ውስጥ የጨጓራ ካንሰር ብዙ ስለነበረ፣ ኮሪያ ከ40 ዓመት ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ የጨጓራ ምርመራ ለሕዝቧ ታቀርባለች። ቻይና፣ ጃፓንና ኮሪያ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ቢራ ሲጠጡ ፊታቸው ቲማቲም የሚመስል ብዙ ሰዎች አሉ። አልኮሉ ሲፈጭ የሚወጣውን መርዝ የሚያጠፋው ኢንዛይም በዘር ደካማ ስለሆነ ነው። እነዚህ ሰዎች መጠጥ ካዘወተሩ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ያሰጋቸዋል። አንዳንዶቹ ቅላቱን ለመደበቅ የጨጓራ አሲድ ኪኒን ውጠው ይጠጣሉ። ኪኒኑ ቅላቱን እንጂ ጉዳቱን አያስቀርም።

ወደ ምግቡ ልምጣ። እባክሽ «ሩዝ ተዉ» አትበያቸው። እኛን «እንጀራ ተዉ» ቢሉን የምንሰማ ይመስልሻል? አንዲት ቬትናማዊት እናት ነበሩኝ። ሩዙ ተቆልሎ፣ አትክልቱ ከጎን እንደ ጌጥ ጣል ተደርጎ ነበር የሚበሉት። ሳህኑን አልቀየርንም፣ ቅደም ተከተሉን ነው የቀየርነው። መጀመሪያ ጎመኑና ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉ፣ ቀጥሎ ዓሣው፣ ሩዙ መጨረሻ። ያኔ ሆዳቸው ሞላ ስለሚል ሩዙን ራሳቸው ይተዉታል። ከምግብ በኋላ ደግሞ ኮሪደሩን አብረን ዞር ዞር እንላለን። ቻይናዎች «ከምግብ በኋላ መቶ እርምጃ የሄደ እስከ 99 ይኖራል» ይላሉ። እኚህ እናት ተረቱን ከኔ በፊት ያውቁት ኖሯል፣ ከልጃቸው ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጠው ነው የረሱት። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልጋቸው ጤናማ ልማድ ከራሳቸው ቤት አለ። ኦኪናዋ በምትባለው የጃፓን ደሴት ያሉ ሽማግሌዎች ሆዳቸው ስምንት እጅ ሲሞላ ከማዕድ ይነሳሉ። የልጆቻቸው ትውልድ ሃምበርገር ሲለምድ ነው ደሴቲቱ በዕድሜ ርዝመት የነበራት ቦታ ማሽቆልቆል የጀመረው።

ጨው ላይ ግን ፈርጠም በይ። ቬትናም ቤት የዓሣ ሶስ፣ ቻይና ቤት የአኩሪ አተር ሶስ አይጠፋም። አንድ የሾርባ ማንኪያ የዓሣ ሶስ ብቻውን ለአንድ ቀን ከሚፈቀደው ሶዲየም ከግማሽ በላይ ይይዛል። ከጠርሙሱ ከማንቆርቆር በትንሽ ስኒ ቀድቶ እየነከሩ መብላት ይሻላል። ግፊቱ አልወርድ ሲል ኪኒኑን ከመውቀስሽ በፊት ወጥ ቤት ግቢ።

አሁን ጉበት ላይ ደረስኩ። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ፣ ማለትም ጉበትን የሚያጠቃው ቫይረስ፣ ካለባቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ እስያውያን ናቸው፤ ከአገሩ ሕዝብ ግን ከ10 ሰው አንድ እንኳ አይሞሉም። አብዛኛው የሚይዘው በወሊድ ጊዜ ከእናት ነው። ሕፃን ሲያዝ ከ10 ዘጠኙ ላይ ሥር ይሰዳል፤ አዋቂ ሲያዝ ግን አብዛኛው ይድናል። ከዚያ ለ30፣ 40 ዓመት ምንም ምልክት የለም። ሰውየው ይሠራል፣ ይወልዳል፣ ይድራል። አንድ ቀን ሆዱ ይነፋል፣ ሲታይ የጉበት ካንሰር ነው። ታይዋን እ.ኤ.አ. በ1984 ሕፃናትን መከተብ ጀመረች፣ በልጆች ላይ የሚታየው የጉበት ካንሰር በግልጽ ቀነሰ። ይህን በሽታ ማቆም እንደሚቻል ያኔ ታየ።

አንድ ቤት ስሄድ አባወራው ብቻቸውን ጥግ ይዘው ይበሉ ነበር። ጎድጓዳ ሳህናቸውና ቾፕስቲካቸው ላይ ቀይ ክር ታስሯል፣ ከሌላው እንዳይቀላቀል። «ጉበት ስላለባቸው ነው» አሉኝ። ልጆቻቸውን «እናንተስ ተመርምራችኋል?» ብዬ ጠየቅኩ። ሦስቱም አልተመረመሩም። ቫይረሱ በምግብ፣ በሳህንም ሆነ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። በደም፣ በግብረ ሥጋና በወሊድ ነው። መለየት ያለበት ምላጩና የጥርስ ብሩሹ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ስመለስ ክሩ ተፈትቶ፣ ሰውየው ከልጆቻቸው ጋር ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ሁለቱ ልጆች ተመርምረው ነጻ ሆኑ፣ ክትባት ጀመሩ። ታላቅየው ግን ነበረበት። አሁን ክትትል ላይ ነው፣ ደህና ነው።

ይህ ነገር የኛም ነው እህቴ። «የወፍ በሽታ» እያልን አንድ ሰው ዓይኑ ቢጫ እስኪሆን የምንጠብቀው እኛም ዘንድ ሄፓታይተስ ቢ ብዙ ነው። እዚህ አገር ዕድሜው 18 የሞላ ሁሉ በሕይወቱ አንዴ እንዲመረመር ነው የሚመከረው። ሦስቱን የደም ምርመራ፣ ማለትም ቫይረሱ አሁን መኖሩን፣ በፊት ይዞሽ ማለፉንና መከላከያ እንዳለሽ የሚያሳዩትን፣ ባንድ ላይ ጠይቂ። የሰው ደም የሚነካ ሥራ ላይ ነሽና ክትባቱን ሳትጨርሺ አትቆዪ።

በመጨረሻ ስለ ጀርባ። አንድ ቀን አንዲት እናት ስታጥቢ ጀርባቸው ላይ ግራና ቀኝ የተሰመረ፣ ቀላ ያለ መስመር ታዪ ይሆናል። እኔ መጀመሪያ ሳይ «ማን መታቸው?» ብዬ ደንግጫለሁ። ቬትናሞች ሰው ሲታመም በሚያቃጥል ቅባት አሽተው በሳንቲም ጠርዝ ይፍቁታል፣ ነፋሱ ይወጣል ብለው። የኛ ዋግምትና «ብርድ መታኝ» እንደማለት ነው። እርግጥ መስመሩ የተለየ ከመሰለሽ ወይም ሌላ ቦታ ጉዳት ካየሽ ማሳወቅ ግዴታሽ ነው። ግን መጀመሪያ ጠይቂያቸው። ስትጠይቂ ደግሞ ልጃቸውን አስተርጓሚ አታድርጊ። ልጅ ፊት እናት አመመኝ አትልም፣ ልጅም የሰማውን ሁሉ አይተረጉምም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የሕክምና ተቋም አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፣ በስልክም ይገኛል። እኔ ቁጥሩን ስልኬ ላይ መዝግቤ ይዣለሁ። የናንተን ነገ ሺፍት ስትገቢ ኃላፊሽን ጠይቂ።