አኒ፣ ኦድሪ እና የመጨረሻው ጩኸት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ታላቅ ወንድሜ «ትዊን ፒክስ» የተባለውን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ተከታታይ ሦስቱንም ምዕራፍ አይተን ጨረስን። መሀል ላይ የወጣውን ፊልም ግን ዘለልነው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሰላም የለውም። እሱ «ደራሲዎቹ ራሳቸው መልሱን አያውቁትም» ይላል። እኔ ደግሞ ያመለጠን ነገር አለ ባይ ነኝ። አኒ ምን ሆነች? ኦድሪስ የት ናት? ያ የመጨረሻው ጩኸትስ? እባክዎ ይገላግሉን። አንባቢዎ ከገርጂ።

መልስ፦ ተከታታዩን ገና ያላያችሁ ይህን ገጽ እለፉት። ኋላ እንዳትወቅሱኝ።

ልጄ፣ በአኒ ጉዳይ ረተሻል። እ.ኤ.አ. በ1991 ሁለተኛው ምዕራፍ ሲያልቅ የሎራ ፓልመርን ግድያ ሲመረምር የነበረው የኤፍቢአይ ወኪል፣ እውነተኛው ኩፐር፣ ከዚህ ዓለም ውጭ ባለው ባለ ቀይ መጋረጃ ክፍል ውስጥ ቀረ፤ ክፉው አምሳያው ወጣ። ግንባሩን ከመስታወት ጋር አላትሞ ስለ ፍቅረኛው «አኒ እንዴት ናት?» እያለ ሲያሽካካ ተከታታዩ አበቃ። የሚያሳየው ጣቢያ ኤቢሲ አላስቀጠለውም። በ1992 የወጣው ፊልም ላይ ግን አኒ በደም ተለውሳ ሎራ አልጋ ላይ ትታያለች። ጥሩው ኩፐር መውጣት እንዳልቻለ ነግራት፣ ማስታወሻሽ ላይ ጻፊው ትላታለች። በ2017ቱ ሦስተኛ ምዕራፍ ምክትል ሸሪፉ ሆክ ከሸሪፉ ጣቢያ ሽንት ቤት በር ውስጥ ፈልቅቆ ያወጣው ወረቀት ይኸው ነው። ፊልሙን ስለዘለላችሁት ወረቀቱ ከሰማይ የወረደ መሰላችሁ።

አኒ ራሷ ግን ከ18ቱ ክፍሎች በአንዱም ብቅ አትልም። ይሄ ያናድደኛል። የት እንደደረሰች የምናውቀው ተከታታዩን ከዴቪድ ሊንች ጋር የፈጠረው ማርክ ፍሮስት በዚያው ዓመት ካሳተመው መጽሐፍ ነው። የአእምሮ ሕክምና ተቋም ውስጥ ናት። ዝም ብላ ከርማ በዓመት አንድ ቀን ብቻ «ደህና ነኝ» ትላለች። መልሱ ግሩም ነው። ግን ቴሌቪዥን ላይ የተጠየቀ ቴሌቪዥን ላይ ቢመለስ ምን ነበረበት?

አሁን ወደ ወንድምሽ። እሱም ከመሬት ተነስቶ አይደለም የሚያወራው። ቦብን የሚያክል ሰይጣን ወደ ታሪኩ የገባው በአጋጣሚ ነው። ፍራንክ ሲልቫ የቀረጻ ቦታውን ዕቃ የሚያሰናዳ ሠራተኛ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ሲቀረጽ መልኩ መስታወት ላይ ታየ። ሌላ ዳይሬክተር «ይደገም!» ይል ነበር። ዴቪድ ሊንች ግን ወደደውና እንዳለ ተወው። የሎራ ገዳይ ማን እንደሆነም ሊንች ቶሎ መናገር አልፈለገም፤ ጣቢያው ነው የጎተጎተው። ኅዳር 1990 ላይ ተነገረ። ከዚያ በኋላ ተመልካቹ እየሸሸ ሄደ።

የሆቴሉ ባለቤት ልጅ ኦድሪ ላይ ግን አንቺን ለማገዝ አቅም የለኝም። በ1991 ራሷን ከባንኩ ካዝና በር ጋር በሰንሰለት አስራ ሳለ ፈንጂ ፈነዳ። ከ25 ዓመት በላይ ጠብቀን ስትመለስ ቻርሊ ከሚባል ሰው ጋር ትጨቃጨቃለች። ቢሊ ጠፋ ትላለች። ቢሊ ማን ነው? ማንም አይነግረንም። ትደንሳለች፣ «ከዚህ አውጣኝ» ትላለች፣ ወዲያው ነጭ ክፍል ውስጥ መስታወት ፊት ትቆማለች። አለቀ። አንዳንዱ ኮማ ውስጥ ናት ይላል፣ ሌላው ሆስፒታል። ሁለቱንም የሚደግፍ ፍንጭ አለ፤ የሚያረጋግጥ የለም።

ጩኸቱን ግን ባይፈቱት ይሻላል ከሚሉት ነኝ። ኩፐር ያለፈውን ለውጦ ሎራን ከሞት ሊያስቀር ሄደ። ቴክሳስ ኦዴሳ ውስጥ ኬሪ ፔጅ የምትባል፣ ሎራን ቁርጥ የምትመስል ሴት አገኘና ወደ ፓልመሮች ቤት ወሰዳት። የቤቱ ባለቤት ፓልመር የሚባል ሰው አታውቅም። ኩፐር «ዓመቱ ስንት ነው?» አለ። ያኔ የሎራ እናት ድምፅ ከሩቅ «ሎራ» ሲል ተሰማ፤ ሴትዮዋ ጮኸች። እኔ እንደሚገባኝ ስሟ ቢቀየርም የደረሰባት ነገር አልጠፋም። ሊንች ሲያብራራ አልተሰማም፤ ጥር 2025 ላይ አረፈ።

በሉ ፊልሙን ፈልጋችሁ እዩት፤ ከዚያ ሦስተኛውን ምዕራፍ ድገሙት። ዘፋኙ ዴቪድ ቦዊ መጥቶ ስለ ጁዲ፣ ስለዚያች ምስጢራዊ ክፉ ኃይል፣ አናወራም ሲል ትሰማላችሁ። በጁዲ ምክንያት ከተጣላችሁ ግን ሌላ ሽማግሌ ፈልጉ፣ እኔ የለሁበትም።