ሐር ላይ መሳል ለምትጀምሩ ወጣቶች

ልጆች፣ ሐር ላይ መሳል ጭንቀት ያቀላል ሲባል ሰምታችሁ ብሩሽ ለማንሣት ያሰባችሁ አላችሁ። እውነትነት አለው። ግን ዕረፍቱ የሚገኘው ጨርቁ በደንብ ሲወጠርና ቀለሙን የሚያግደው መስመር ክፍተት ሳይኖረው ሲቀር ነው፤ ቀለም ካልታሰበ ቦታ እየሾለከበት የሚረጋጋ ሰው የለም። ስለዚህ ከእጁ ሥራ እንጀምር።

ለጀማሪ የሚስማማው ሐቦታይ የሚባለው ስስና ልሙጥ ሐር ነው። የሐር ክብደት በሞሜ ይለካል፤ 8 ሞሜ፣ በካሬ ሜትር 35 ግራም ገደማ፣ ይበቃችኋል። ወፍራም ከሆነ ቀለሙን የሚያግደው ፈሳሽ እስከ ጀርባው ዘልቆ አይገባም። በለብታ ውኃና በትንሽ ለስላሳ ሳሙና እጠቡት፤ የፋብሪካው ማጠንከሪያ ካልለቀቀ ቀለሙ ዥንጉርጉር ይሆናል። ሲደርቅ በእንጨት ፍሬም ላይ አንዱን ጎን፣ ቀጥሎ ትይዩውን እያላችሁ እንደ ከበሮ ወጥሩት። መሐሉ ረግቦ ጠረጴዛ ከነካ ቀለሙ እዚያው ይጠራቀማል።

አሁን ትዕግሥት የሚጠይቀው መጣ። ጉታ የሚባለው ማገጃ ቀለም እንዳይስፋፋ የምታሰምሩበት ፈሳሽ ነው፤ 0.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው የብረት ጫፍ ባለው ጠርሙስ ይሰመራል። መጀመሪያ ጠርሙሱን ወረቀት ላይ ሞክሩት፤ ውስጡ አየር ካለ መስመሩ ላይ አረፋ ይፈነዳና ክፍተት ይተዋል። እጃችሁን ሳታጣድፉ፣ አንድ ዓይነት ጫና ይዛችሁ ሳቡ፤ የመስመሩ መነሻና መድረሻ መገናኘቱንም አረጋግጡ። ሲደርቅ ፍሬሙን ወደ ብርሃን አንሡና ከጀርባው ተመልከቱ። ዘልቆ የገባው መስመር ሳይቋረጥ ይታያል፤ የተቋረጠ ካለ ከጀርባ በኩል ደግማችሁ አስምሩት። ይህን ምርመራ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ “ሐር አስቸጋሪ ነው” የሚለውም አብዛኛውን ጊዜ እሱው ነው።

ቀለም ስትቀቡ ብሩሹን መስመሩ ድረስ አትውሰዱት። መሐል ላይ ንኩ፤ ቀለሙ ራሱ ሮጦ መስመሩ ጋ ይቆማል። ብሩሹ ከመጠን በላይ ከጠጣ ግን መስመሩን ዘሎ ያልፋል። እርጥብ ቀለም ከደረቀ ቀለም ጋር ሲገናኝ ጠርዙ ላይ ጠቆር ያለ መስመር ይወጣል፤ ስለዚህ ለሰፊ ቦታ የሚበቃውን ቀለም አስቀድማችሁ በጥብጡ፣ ሰፊ ብሩሽ ያዙ፣ እስኪያልቅ አታቁሙ። ስልክም አታንሡ። ነጭ እንዲሆን የምትፈልጉትን ቦታ ከመጀመሪያው ሳትነኩ ተዉት፤ አንዴ የጠጣው ሐር ወደ ነጭነቱ አይመለስም።

መነሻ ሐሳብ ለጠፋበት ሰው ጨው መድኃኒት ነው። አንዲት ቁራጭ ሐር ቀቡና ቀለሙ እርጥብ ሳለ፣ ላዩ ላይ የቋጠረው ውኃ ሲጠፋ፣ ጥቂት የጨው ፍሬ ጣል ጣል አድርጉበት። እያንዳንዱ ፍሬ እርጥበቱን ከነቀለሙ ወደ ራሱ ይስባል፤ ዙሪያው ይደምቃል፣ ከፍሬዎቹ መሐል ፈዘዝ ያለ የቅርንጫፍ መልክ ይወጣል። ውኃው ከበዛ ጨው ይሟሟል፣ ከደረቀ ምንም አይሠራም። ከተበተነ በኋላ የእናንተ ሥራ እጅን ሰብስቦ ማየት ነው፤ እኔ የሐርን ፈውስ የማየው እዚህ ላይ ነው። ሥዕሉን ከዚያ መልክ ፈልጉት፣ ቅጠልም ድንጋይም ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 39 ጎልማሶችን ለ45 ደቂቃ በሸክላና በማርከር ሲያሠሩ፣ የውጥረት ሆርሞን የሆነው ኮርቲሶል ከተሳታፊዎቹ 75 በመቶ ገደማው ላይ ቀንሶ ተገኝቷል። የሥዕል ልምድ ያለውም የሌለውም እኩል ተጠቅሟል ማለት ይቻላል። ጥናቱ ስለ ሐር ባይሆንም “እኔ መሳል አልችልም” ለሚል መልስ ይሆናል። ሐዘኑ ወይም ጭንቀቱ እንቅልፍና ምግብ የከለከለው ሰው ግን ብሩሹን ይዞም ቢሆን ወደ ባለሙያ ይሂድ።

በመጨረሻ ቀለሙን ማጽናት፣ ማለትም እንዳይለቅ ማድረግ አለ። የቀለሙን ጠርሙስ አንብቡ፤ በካውያ የሚጸናው ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ በጀርባው በኩል ለ2 ወይም 3 ደቂቃ ያለ እንፋሎት ይተኮሳል። በእንፋሎት የሚጸናው በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ ይታጠናል፤ አንዲት የውኃ ጠብታ ብትነካው ያበላሸዋል። ከሁለቱም በፊት ጨው አንድም ሳይቀር አራግፉ፤ የቀረው ፍሬ እንፋሎቱን ስቦ ያልጠበቃችሁትን ነጥብ ያወጣል።