ራቭፎርሽ በንክኪ አልቆለፍ ካለሽ፣ እጀታውን ከማስቀየርሽ በፊት

ሰላም እህቴ። የጻፍሽው እንዲህ ነው፦ የ2023 ቶዮታ ራቭፎር መኪና አለሽ። የሾፌሩን በር እጀታ ስትነኪ አንዳንዴ ይቆለፋል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል። ተቆልፏል ብለሽ ሄደሽ ስትመለሺና ስትስቢው ይከፈታል። ዝናብ ሲሆን ወይ መኪናውን ስታጥቢ ደግሞ ማንም ሳይነካው ክፍት ዝግ ይላል። ዲለሩ "እጀታው በሙሉ ይቀየር" ብሎ ብዙ መቶ ዶላር ጠይቆሻል። አታስቀይሪ። ቢያንስ ከታች ያለውን ሳትሞክሪ እሺ እንዳትዪ። ከሦስቱ ችግሮችሽ ሁለቱ ብልሽት አይደሉም፤ ሦስተኛው የሪሞቱን ባትሪ በመቀየር ብቻ ሊስተካከል የሚችል ነው።

መጀመሪያ "ስመለስ ይከፈታል" ያልሽውን ልያዘው፣ የብዙ ሰው ገንዘብ የሚበላው እሱ ነውና። ስትመለሺ ሪሞቱ ኪስሽ ውስጥ ነው። ሪሞቱ ከእጀታው 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውስጥ ካለና ጣትሽ ከእጀታው ጀርባ ከገባ መኪናው መክፈት አለበት፤ የተሠራው ለዚያ ነው። ስለዚህ ቆልፈሽ ጥቂት ሄደሽ፣ ልብሽ አላርፍ ብሎ ተመልሰሽ ብትስቢው መከፈቱ የግድ ነው። ተቆልፎ ነበር፤ አንቺው ነሽ የከፈትሽው። በዚህ መንገድ አንድ መቶ ጊዜ ብትፈትሺ አንድ መቶ ጊዜ ክፍት ታገኚዋለሽ፣ አዲስ እጀታ አስገጥመሽም ቢሆን።

ትክክለኛው መፈተሻ ሌላ ነው። በንክኪ ከቆለፍሽ በኋላ ለ3 ሰከንድ እጀታው አይከፍትም። ቶዮታ ያንን ያደረገው ሰው ስቦ እንዲያረጋግጥ ነው። ስለዚህ ነክተሽ ቆልፊ፣ ሳትዘገዪ ወዲያው ሳቢው። ካልተከፈተ ተቆልፏል፣ ሂጂ። አምስት ሰከንድ ቆይተሽ ከሳብሽ ግን ፈተናው ተበላሸ። ሁለተኛው መንገድ ሪሞቱን ሌላ ሰው ይዞልሽ ሦስት አራት ሜትር ሲርቅ መሳብ ነው። የመኪናውን መብራትም እዪ፦ ሲቆለፍ አንዴ፣ ሲከፈት ሁለቴ ብልጭ ይላል። ደግሞም በስህተት ከፍተሽው በር ሳትከፍቺ ከሄድሽ፣ የፋብሪካው ሴቲንግ ካልተነካ በስተቀር በ60 ሰከንድ ውስጥ ራሱ መልሶ ይቆልፋል።

አሁን ወደ "አንዳንዴ ዝም ይላል" እንሂድ።

1. በሩን ሳይሆን ሪሞቱን ጠርጥሪ። የሾፌሩን በር ብቻ አትሞክሪ፤ ዞረሽ የተሳፋሪውንና የኋላውን በር በዚያው ሪሞት ሞክሪ። በሁሉም ላይ የሚያስቸግር ከሆነ ጥፋቱ የሪሞቱ ነው ማለት ይቻላል። አንዱ በር ብቻ ሁልጊዜ የሚያስቸግር፣ ሌሎቹ ሁልጊዜ የሚሠሩ ከሆነ እጀታውን ወይ ሽቦውን መጠርጠር ተገቢ ነው። (በአንዳንዱ ትሪም የኋላ ተሳፋሪ በሮች ላይ ንክኪ የለም፤ እነሱ አልሠሩም ብለሽ አትደንግጪ።) ከዚያ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠውን ሁለተኛ ሪሞት አውጪ። የመጀመሪያውን ቤት ትተሽው ሞክሪ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ይዘሽ ከሆነ የትኛው እንደመለሰ አታውቂም።

የሪሞቱ በተን መሥራቱ ባትሪው ጤነኛ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ባትሪው ሲደክም መጀመሪያ የሚያጥረው ርቀቱ ነው። እጀታውን ስትነኪ መኪናው ደካማ ጥሪ ይልካል፣ ሪሞቱ ሰምቶ መመለስ አለበት። ቦርሳሽ ውስጥ ከስልክሽ ጋር ተጣብቆ፣ ሳንቲም ተጭኖበት፣ በደከመ ባትሪ ያንን ጥሪ አይሰማም። ሪሞቱ ቀን ከሌት ጥሪ ሲጠብቅ ስለሚውል መኪናውን ባትነጂውም ባትሪው ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ነው ዕድሜው። ከቴሌቪዥን፣ ከኮምፒውተር ወይ ከስልክ ቻርጀር በአንድ ሜትር ውስጥ የምታስቀምጪው ከሆነ ከዚያም በፊት ያልቃል። ስልክ በግራ፣ ሪሞት በቀኝ ኪስ ይሁን። ቦርሳ የምትይዢ ከሆነ ለብቻው ኪስ ይኑረው።

ባትሪውን ራስሽ ቀይሪው፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ጎኑ ላይ ያለችውን መልቀቂያ ገፍተሽ የብረት ቁልፉን አውጪ። ጠፍጣፋ ትንሽ ካቻቢቴ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልለሽ ክፍተቱ ውስጥ አስገቢና ቀስ ብለሽ ጠምዝዢ፤ ክዳኑ ይለቃል። ባትሪው ከክዳኑ ጋር ተጣብቆ ሊወጣ ስለሚችል የት እንደገባ አትፈልጊ። እንደ ሪሞቱ ዓይነት ሲአር2032 ወይም ሲአር2450 ሊሆን ይችላል፤ አሮጌው ላይ የተጻፈውን አይተሽ ግዢ። የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ይሁን፣ ባትሪውን በጠርዙ ያዢው፣ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ብረቶች አታጣምሚያቸው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ልጆች እንዳይውጡት ተብለው በመራራ ነገር የተቀቡ ባትሪዎች አሉ። ሽፋኑ አንዳንድ ዕቃ ላይ ኤሌክትሪኩን በደንብ አያስተላልፍም። አዲስ ባትሪ አስገብተሽም ካልሠራ ያልተቀባ ሞክሪ። ቤትሽ ሕፃን ካለ ግን አሮጌውን ጠረጴዛ ላይ አትተዪው። የተዋጠ የሰዓት ባትሪ በሰዓታት ውስጥ ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ ነው።

2. አነካክሽን አስተካክይ። እጀታው ውስጥ ሁለት ሴንሰር አለ። ውጪ በኩል ጭረት ያለባት ቦታ መቆለፊያው ናት፣ ከጀርባ ያለው መክፈቻው ነው። እጀታውን ሙሉ በእጅሽ ጨብጠሽ በአውራ ጣትሽ ጭረቱን ብትነኪ ሁለቱን በአንድ ጊዜ እያዘዝሽው ነው። የጣትሽን ሆድ ጭረቱ ላይ ብቻ አሳርፊ፣ ሌላው እጅሽ ራቅ ይበል። ጥፍር ብቻውን አይሰማውም፤ እጀታውንም ይቧጭረዋል። ስትከፍቺ ደግሞ ቸኩለሽ በአንድ ጊዜ አትሳቢ። እጅሽን አስገቢ፣ "ቀጭ" ሲል ስሚ፣ ከዚያ ሳቢ። ቀድመሽ ከሳብሽው እጀታውን መልሰሽ ወደ ቦታው ልቀቂና እንደገና ጀምሪ። እንደ ተሳበ ይዘሽ ብትታገዪ አይከፈትም።

በረዶ፣ ጭቃና የክረምት የመንገድ ጨው ጭረቱን ሲሸፍኑት ሴንሰሩ ይደነዝዛል። ወፍራም ጓንትም እንዲሁ። ሴንሰሩ የሚያነበው ጣት ሲቀርበው የሚለወጠውን የኤሌክትሪክ መጠን ነው፤ በጣትሽና በእጀታው መሃል የሱፍ ጓንት ሲገባ ለውጡ ያንሳል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፣ አድርቂው፣ ሞክሪ።

3. ዝናቡና እጥበቱ። ውሃ በዚያ ሴንሰር ላይ ሲፈስ ለውጡ ከእጅ ንክኪ ጋር ይመሳሰላል። ሪሞቱ በአቅራቢያው ካለ መኪናው ይታዘዛል፦ ይቆልፋል፣ ይከፍታል፣ ይቆልፋል። ይህ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ የተጻፈ ነው፣ ብልሽት አይደለም። ዲለሩ ይህንን ሳይነግርሽ እጀታ ሊሸጥልሽ መነሳቱ በጣም ያናድደኛል። በቱቦ ስታጥቢ ሪሞቱን ከመኪናው ከ2 ሜትር በላይ አርቂው። ውስጥ ተቀምጠሽ በሚታጠብበት ካር ዎሽ ግን ሪሞቱ አብሮሽ ስለሆነ አስተኚው፦ የመቆለፊያውን በተን ተጭነሽ ያዢ፣ ሳትለቂው የመክፈቻውን ሁለት ጊዜ ተጫኚ። የሪሞቱ ትንሽ መብራት 4 ጊዜ ብልጭ ካለ ተኝቷል። ለመቀስቀስ ማንኛውንም በተን መጫን ይበቃል።

ሪሞቱን የውጪ በሩ አጠገብ ሰቅለሽ፣ መኪናው ደግሞ በሩ ጥግ ከቆመ፣ ዝናብ በዘነበ ሌሊት ሁሉ ያው ድራማ ነው። የመኪናውንም የሪሞቱንም ባትሪ ይጨርሳል። ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገቢው።

4. እጀታው ላይ የተለጠፈ ነገር አለ? የሚያብለጨልጭ የክሮም ሽፋን፣ ካርበን የሚመስል ስቲከር፣ ወፍራም መከላከያ ፕላስቲክ፣ ሁሉም ሴንሰሩን ያውኩታል፤ በተለይ ብረት ነክ የሆነው። ላጪው። መኪናው ተገጭቶ ቦዲ ሾፕ ገብቶ ከነበረ ደግሞ የሁለቱን የፊት በሮች እጀታ ጎን ለጎን እዪ። አንዱ ላይ ጭረት ካለ ሌላው ላይ ከሌለ ሴንሰር የሌለው ርካሽ እጀታ ገጥመውልሻል። ያ የኢንሹራንስ ጉዳይ ነው፤ ከኪስሽ እንዳትከፍዪ።

ይህን ሁሉ አድርገሽ አንድ በር ብቻ እንቢ ካለ አዎ፣ እጀታው ሊሆን ይችላል። ያኔም መጀመሪያ የምትጠይቂው ዋራንቲውን ነው። ቶዮታ አዲስ ሲሸጥ መሠረታዊው ዋራንቲ 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል ነው፣ ቀድሞ የሞላው። የሚቆጠረው መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን ነው እንጂ ከሞዴሉ ዓመት አይደለም፤ ስለዚህ 2023 ስለሆነ አልቋል ቢሉሽ ቀኑን አሳዩኝ በያቸው። ያገለገለ ሆኖ ቶዮታ ፈትሾ ሰርቲፋይድ ያለው ከሆነ ተጨማሪ 12 ወር ወይም 12,000 ማይል አለው።

የሰርቪስ ካውንተር ነገር ያው የምናውቀው ነው። ሰውየው ቀና ሳይል ኪቦርዱን ይመታል፣ ወጥቶ በሩን አንዴ እንኳ አልነካም፣ ፕሪንተሩ ወረቀት ይተፋል፣ "እዚህ ጋ ፈርሚ"። አትፈርሚ። አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ "በቴክስትሪም ላይቭ ዳታ የዚህን በር ንክኪ ሴንሰር አይታችኋል?" ቴክስትሪም የቶዮታ የምርመራ ሶፍትዌር ነው። ቴክኒሻኑ ላፕቶፑን ሰክቶ አንቺ እጀታውን ስትነኪ ስክሪኑ ላይ ሴንሰሩ ኦፍ ከነበረበት ኦን ማለት አለበት። በነካሽ ቁጥር ኦን እያለ በሩ ካልተቆለፈ እጀታው ንጹሕ ነው፤ ሪሞቱን ወይ አንቴናውን ይፈልጉ። ኦን ካላለ ደግሞ እጀታውን ከመቀየራቸው በፊት ሶኬቱንና በበሩና በመኪናው አካል መሃል በጎማ ተሸፍኖ የሚያልፈውን ሽቦ ይፈትሹ። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የሚታጠፈው እሱ ነው። ዲያግኖስቲክ ከከፈልሽ ይህንን እንዲያሳዩሽ ጠይቂ፤ እዚያው ቆመሽ እዪ። ይህን ጥያቄ የሚያውቅ ደንበኛ ሲመጣ ንግግራቸው ወዲያው ይለወጣል።

ለገና ወይ ለፋሲካ አገር ቤት ለምትሄዱም አንድ ነገር። መኪናው 14 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ካልተነካ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል በንክኪ የሚከፈተው የሾፌሩ በር ብቻ ነው። ከዱለስ ኤርፖርት ሻንጣ ይዛችሁ ገብታችሁ የተሳፋሪው በር እንቢ ሲል ተበላሸ አትበሉ፤ ሾፌሩን ክፈቱ፣ ወይ በሪሞቱ በተን።

ሪሞቱ ጭራሽ ከሞተ፦ የብረት ቁልፉ የሾፌሩን በር ይከፍታል። ቀዳዳው በአንዳንድ ሞዴል ትንሽ ክዳን ስር ተደብቋል። አላርሙ ሊጮህ ይችላል፣ አትሸበሪ፣ ሞተሩ ሲነሳ ዝም ይላል። ማርሹ ፓርክ ላይ ሆኖ ፍሬን ረግጠሽ የሪሞቱን የቶዮታ አርማ ያለበትን ጎን ከማስነሻው በተን ጋር አስጠጊ። ድምፅ ሲሰማ በ10 ሰከንድ ውስጥ ተጫኚው፣ ይነሳል።

ሪሞቱ ቤት ውስጥ እያለ ሌባ መኪናውን እንዴት ይከፍታል ብሎ የጠየቀ ወንድምም ነበር። ሁለት ሆነው ይመጣሉ፤ አንዱ መሣሪያ ይዞ የቤቱ በር ጋ፣ ሌላው መኪናው ጋ ይቆማል። የመኪናውን ጥሪ ቤት ውስጥ ላለው ሪሞት ያደርሱታል፣ መኪናው ባለቤቱ አጠገቡ የቆመ ይመስለዋል። ማታ ማታ ሪሞቱን ከላይ በጻፍኩት መንገድ ማስተኛት በነፃ የሚገኝ መከላከያ ነው፣ የተኛ ሪሞት ጥሪ አይሰማም። ሲግናል የሚያግድ ቦርሳ የገዛ ደግሞ ሪሞቱን ከትቶ መኪናው አጠገብ ቆሞ እጀታውን ይንካ። ከተከፈተ ቦርሳውን ይመልስ።

እህቴ፣ ከሁሉም በፊት የሁለተኛውን ሪሞት ሙከራ አድርጊና በየትኛው በር እንደሠራ፣ በየትኛው እንዳልሠራ ለይተሽ እዚሁ ጻፊ። የዲለሩን ወረቀት ፎቶም ለጥፊው፣ ግን ስምሽንና የመኪናውን ቪን ቁጥር ሸፍኚ።