ጠጅ ነው ወይስ ብርዝ?

እህቴ፣ «ደብረ ብርሃን ላይ ጠጅ ከጣልኩ 10 ቀኔ ነው፤ አሁንም ጣፋጭ ውሃ ነው። ማሩ ተበላሽቶ ይሆን? ለመሆኑ የብርዝና የጠጅ ልዩነቱ ምንድነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ማርሽ ምንም አልሆነም። ገና ብርዝ ላይ ነሽ።

እኔም አፍሬበታለሁ። እናቴ የሸዋ ሮቢት ሰው ናት፤ እዚያ ቆላ ስለሆነ ጠጅ ቶሎ ይደርሳል። ለልጄ ክርስትና ደብረ ብርሃን ላይ የእናቴን ቀን ቆጥሬ ጣልኩ። አንዲት ጎረቤታችን ብርሌውን ተቀብለው ፉት አሉና «ልጄ፣ ብርዝሽ ይጣፍጣል» አሉኝ። እኔ እኮ ጠጅ ብዬ ነው የቀዳሁላቸው!

ስሙን የሚለየው ጌሾና ጊዜ ነው። ማር በውሃ ተበጥብጦ ሳይፈላ ብርዝ ነው፤ የዕለቱን ልጆችም፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ይጠጡታል። ጌሾ ገብቶበት ሲፈላ ጠጅ ይባላል። በግዕዝ ሜስ ነው፣ ትግርኛውም እንደዚያው። ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ዳዲ ይሉታል።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ግማሹንም አትሞላ። ብርድ ላይ እርሾው ያንቀላፋል። እኔ አሁን እንስራዬን ማድ ቤት አስገብቼ በአሮጌ ጋቢ እጠቀልላለሁ። እንጀራ በምጋግር ቀን ወደ ምጣዱ ጠጋ አደርገዋለሁ። ጆሮሽን አስጠግተሽ አዳምጪ፤ ውስጡ ሲንሾካሾክ ከሰማሽ ሥራ ላይ ነው።

ልኬቴ አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ ነው፤ አራት የሚያደርጉም አሉ። ማሩ ከነሰሙ ከሆነ ሰፈፉን ቶሎ ግፈፊው። ጌሾው እንጨቱ ይሁን፤ ቅጠሉን ለጠላ ተዪው። ከብርዙ ትንሽ ቀንሰሽ ጌሾውን ቀቅለሽበት፣ ሲቀዘቅዝ መልሺው። ትኩሱን ከደፋሽው እርሾውን ትገድይዋለሽ፤ እሱንም ሞክሬ አይቻለሁ።

ካልፈላ ብለሽ ስኳር እንዳትጨምሪ! አንዳንድ ጠጅ ቤት የሚሸጠው እሱን ነው፤ በማግስቱ ራስሽን ሲፈልጥሽ ታውቂዋለሽ።

ሌላ 10 ቀን ጠብቂና ቅመሺው። ጣፋጭነቱ ቀንሶ ምላስሽን ያዝ ካደረገ አጥሪው። ደረቅ ጠጅ የምትወጂ ከሆነ ግን ከዚያም ቆዪ። ድግሱ መቼ ነው?