የሞተ እባብ በእጄ ነካሁ፤ መርዙ ይገባብኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከሦስት ቀን በፊት መንገድ ላይ መኪና የገጨው እባብ አገኘሁ። ሰው እንዳይደነግጥ ብዬ ጅራቱን ይዤ ወደ ዳር ጣልኩት። ማታ ጣቴ ላይ ጭረት አየሁ። ጣቴን በክር አጥብቄ አስሬ አደርኩ፤ ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊንም ጀመርኩ። እብጠትም ሕመምም የለኝም፤ እንቅልፍ ግን አጣሁ። ፎቶውን ልኬልዎታለሁ። መርዛማ ነው ወይ?

መልስ፦ ፎቶውን አየሁት። ጎማው ጭንቅላቱን ጨፍልቆታል፤ ቆዳውም ፀሐይ ላይ ደርቆ ጠቁሯል። ከዚህ ተነስቼ ስሙን ብነግርዎ ዋሸሁ ማለት ነው። እንቅልፍ የነሳዎት ግን ስሙ አይመስለኝም፤ «እሞት ይሆን?» የሚለው ነው።

አይሞቱም። የእባብ መርዝ የሚመረተው ከዓይኑ ኋላ ባለ ዕጢ ነው፤ ሰው ሰውነት ውስጥ የሚገባው ደግሞ በጥርሱ። እርስዎ የያዙት ጅራቱን ነው። ከባድ ንድፊያ ምልክቱን አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ያሳያል፤ እርስዎ ሦስት ቀን ደህና ነዎት። ተረጋግተው ይተኙ።

አሁን ግን ልቆጣዎት ነው። «ሞቷል፣ ምን ያደርጋል?» የሚለውን ሐሳብ ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። የሞተ እባብ ይነክሳል። ጭንቅላቱ ተቆርጦ መሬት ላይ የወደቀ እባብ እንኳ እንጨት ሲያስጠጉበት አፉን ከፍቶ ግጥም አድርጎ ይይዛል። ነርቮቹ ወዲያው ስለማይሞቱ ይህ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ሲነክስም መርዝ ሊያስገባ ይችላል። መርዙ ቢደርቅ እንኳ ኃይሉን ቶሎ አይጥልም። መኪና የገጨው ደግሞ የባሰ ነው፤ ወገቡ ተሰብሮ ሕይወቱ ሳይወጣ ዝም ብሎ ሊተኛ ይችላል። ልጆች አንስተው ሲጫወቱበት ዝም ብለው የሚያዩ ወላጆች አሉ። እባካችሁ! ከመንገድ መነሳት ካለበት ረጅም እንጨት ወይም አካፋ ይጠቀሙ።

«ጭንቅላቱ ሦስት ማዕዘን ከሆነ ነው መርዛማ» የሚባለውንም አይመኑ። ኮብራና ማምባ ጭንቅላታቸው ቀጭን ነው፤ ግን ይገድላሉ።

ክሩንስ ምን አመጣው? አጥብቆ ማሰር ደም ያቋርጣል፤ ጣት እስከማሳጣት ይደርሳል። አሞክሳሲሊን የእባብ መርዝ አያረክስም። ከጓዳ የተገኘ ክኒን ሁሉ መድኃኒት አይደለም። ያቁሙት። ደግሞስ በእርግጥ ተነድፈው ቢሆን ሦስት ቀን ይጠበቃል? ሰው ከተነደፈ ቀለበቱና ሰዓቱ ይወልቅለት፤ የተነደፈው እጅ ወይም እግር ሳይንቀሳቀስ ወዲያው ሆስፒታል ይወሰድ። የዓይኑ ቆብ ከከበደው ወይም ድዱ ከደማ አንድ ደቂቃ አትቆዩ። እባቡን ይዛችሁ መምጣት የለባችሁም፤ ከሩቅ የተነሳ ፎቶ ይበቃል፤ እሱም ባይኖር ከምልክቱ ተነስተን እናክማለን።

ጭረቱን በሳሙናና በውኃ ይጠቡት። የቴታነስ ክትባት ከወሰዱ ከቆየ ነገ ጤና ጣቢያ ሄደው ይወጉ። ከቀላ ወይም መግል ከያዘ ያሳዩት፤ ይህን ግን ሦስት ቀን አያሳድሩት።