መጀመሪያ ከተማዋን ይውደዷት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የአሥረኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ የንባብ ክበብ አለን፤ ሃያ የሚሆኑ ልጆች ይመጣሉ። ባለፈው ወር የኡርሱላ ለ ጉዊንን «ኦሜላስን ጥለው የሚሄዱት» የተባለ አጭር ልብ ወለድ ራሴ ወደ አማርኛ መልሼ አነበብኩላቸው። ላላነበቡት፦ ኦሜላስ የደስታ ከተማ ናት፤ ደስታዋ ግን የሚዘልቀው አንድ ልጅ ምድር ቤት ተቆልፎበት እስከተሰቃየ ድረስ ብቻ ነው። ሁሉም ያውቃል። አብዛኛው እያወቀ ይኖራል፣ ጥቂቶች ጥለው ይሄዳሉ። አንብቤ ስጨርስ «እናንተስ ብትሆኑ?» አልኳቸው። ሁሉም «እንሄዳለን!» አሉ። በአምስት ደቂቃ ወሬው አለቀ። አንዷ ብቻ ስትወጣ ጠጋ ብላ «ቲቸር፣ እኛ ቤት ያለችው ሠራተኛስ?» አለችኝ። የምላት ጠፋኝ። ወላጆቿም ትዝ አሉኝና «ሌላ ጊዜ እናወራለን» ብዬ ሸኘኋት። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጁን ቶሎ አሳየሻቸው። ሌላ ጥፋት የለብሽም።

ልጆቹ ያችን ከተማ ገና አልወደዷትም። ያልወደዱትን ነገር ጥሎ መሄድ ደግሞ ምንም አያስከፍልም፤ ለዚህ ነው ሃያውም በአንድ አፍ «እንሄዳለን» ያሉት። ደራሲዋን እያት፣ አትቸኩልም። በ1973 እ.ኤ.አ. ባወጣችው በዚህ አጭር ታሪክ የመጀመሪያውን ግማሽ የሰጠችው ለበዓሉ ነው፦ ለደወሉ፣ ለሰልፉ፣ ለፈረሶቹ። እንዲያውም አንባቢውን «ከተማዋን እንደፈለግህ አድርገህ ሳላት» ትለዋለች። ደስ ያለንን ሁሉ ጨምረን የእኛ ካደረግናት በኋላ ነው የምድር ቤቱን በር የምትከፍተው።

እኔም ለዓመታት እንዳንቺ ነበር የማደርገው። አሁን ሁለት ሳምንት እሰጠዋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት መጽሐፍ የሚባል ነገር አላነሳም። ሰሌዳው ላይ «ከተማ እንሥራ» ብዬ እጽፍና እያንዳንዱ አንድ ነገር ይጨምራል፤ ደንቡ አንድ ነው፣ የሚጨምረው ነገር ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ የሚያስፈልግ መሆን አለበት። መጀመሪያ ላይ ፈጣን ኢንተርኔት፣ የኳስ ሜዳ፣ ፈተና የሌለበት ትምህርት ቤት ይላሉ። ይሳሳቃሉ። ከዚያ ቀስ እያሉ ወደ ቁም ነገሩ ይገባሉ። አንድ ዓመት መስኮቱ ሥር የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ተነስታ ሄዳ «የኩላሊት እጥበት በነፃ» ብላ ጻፈች። ጠመኔውን አስቀምጣ ተመልሳ ተቀመጠች። እናቷ በሳምንት ሁለት ቀን ለእጥበት እንደሚሄዱ የማናውቅ አልነበርንም።

በሁለተኛው ሳምንት ታሪኩን አነበብኩላቸው፤ ሰሌዳው ላይ የነበረውንም በትልቅ ወረቀት ገልብጬ ፊት ለፊት ሰቀልኩት። «ልጁ የሚከፍለው ለዚህ ነው» አልኳቸው። ማንም «እሄዳለሁ» አላለም። ሁሉም ወረቀቱን ያያል። ብዙ ቆይታ ያቺው ልጅ «እኔ አልሄድም» አለች። አንዱ ከኋላ ሊመልስላት አፉን ከፈተና ተወው። እኔም አላረምኳትም። ከዚያ በኋላ «እሄዳለሁ» የሚል ሁሉ እሷን እያየ ነበር የሚናገረው፣ ድምፁም እንደ ቀድሞው አልነበረም። የዚያን ቀን ደወል ተደውሎ እንኳ የተነሳ የለም።

ስታነቢ የምድር ቤቱን ክፍል ቀስ ብለሽ አንብቢው። ሦስት እርምጃ በሁለት እርምጃ ነው፣ መስኮት የለውም። ጥግ ላይ የደረቁ፣ የሚሸቱ መወልወያዎች አሉ፣ አጠገባቸው የዛገ ባልዲ። ልጁ መወልወያዎቹን ይፈራል፣ እዚያ እንዳሉ እያወቀ ዓይኑን ይጨፍናል። ስድስት ዓመት የሆነው ይመስላል እንጂ አሥር ሊሞላው ነው። «ጥሩ ልጅ እሆናለሁ» እያለ ይለምን ነበር። መወልወያዎቹን እንዳታልፊያቸው። ተማሪዎቼ ከዓመታት በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ የሚያነሱልኝ እነሱን ነው። የኦሜላስ ልጆች ይህን የሚነገራቸው ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ባለው ጊዜ እንደሆነም ንገሪያቸው፤ ያንቺዎቹ ያን ዕድሜ አልፈውታል።

ቀጥለሽ ስለሚሄዱት ጠይቂ። እያንዳንዱ ብቻውን ነው የሚወጣው፣ አይመለስም፣ ወዴት እንደሚሄድም ተራኪዋ አትነግረንም። ታዲያ እሱ በመሄዱ ልጁ ምን አገኘ? በሩ እንደተቆለፈ ነው። እዚህ ላይ ልጆቹ ይናደዳሉ፣ ደራሲዋን ይወቅሳሉ፣ አንዳንዱ «ሰብረን እናውጣው» ይላል። ይበሉ። ሰብረው ቢያወጡት የማን እጥበት እንደሚቀር ግን ወረቀቱ ላይ አለ።

ጊዜ ካለሽ ሁለት መጻሕፍት ጨምሪ። አንዱ የሳሙኤል ጆንሰን «ራሴላስ» ነው፣ 1759 እ.ኤ.አ.። ስለ አቢሲኒያ ልዑል የተጻፈ እንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነው፣ የደስታው ሸለቆም በአማራ መንግሥት ውስጥ ነው የተባለው። ጆንሰን አገራችንን አይቶ አያውቅም፤ የፖርቱጋላዊውን የካቶሊክ ሚሲዮናዊ የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ግን በወጣትነቱ ተርጉሞ ነበር። እኛ ነገሩን ከግሸን እናውቀዋለን፦ የንጉሥ ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ አምባ ላይ ይጠበቁ ነበር። ጆንሰን ያን አምባ ወደ ሸለቆ ለወጠውና ደስታ ሞላው፤ በሩን ግን አልከፈተውም። ራሴላስ ሁሉ ተሟልቶለት ሳለ ተራራ ቆፍሮ ከእህቱ ጋር ያመልጣል። «ምን ጎደለውና?» ብለሽ ጠይቂያቸው፣ በዚህ ዕድሜ ይህን ጥያቄ ከእኛ በተሻለ ይመልሱታል።

ሁለተኛው የቶማስ ሞር «ዩቶፒያ» ነው፣ የ1516 እ.ኤ.አ.። ቃሉን የፈጠረው እሱ ነው፣ «የትም የሌለ ቦታ» ማለት ነው። ቃሉን ከመጻፍሽ በፊት ግን ብሔረ ብፁዓንን ማን እንደሰማ ጠይቂ፤ ከአያቱ የሰማ አይጠፋም። ከሞር አንድ ነገር ብቻ ውሰጂ። በዚያች ደሴት ከብት የሚያርዱት ባሮች ናቸው፣ ከከተማ ውጭ። ምክንያቱ? ዜጎቹ ማረድ ከለመዱ ርኅራኄያቸው ይጠፋል ተብሎ። ሥጋው ግን ታጥቦ ገበያ ይገባላቸዋል። ይህን ሳነብላቸው ክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን አልነግርሽም፣ ራስሽ እይው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አንዳንድ ቤት ግድግዳ ላይ በቀይ ሽብር ጊዜ የሞተ አጎት ፎቶ አለ። ስለተሻለ ዓለም ሲወራ ልጆች እሱን ያመጣሉ። የገደለውም የሞተውም የተሻለች አገር ብሎ ነበር። ልጁ ይናገር፣ አንቺ ዳኛ አትሁኚ።

አሁን ወደዚያች ልጅ። ሌላ ጊዜ አትበያት፣ ሰኞ ፈልጊያት። ከሃያው ታሪኩን የሰማችው እሷ ናትና ጥያቄዋ ትክክል እንደሆነ ንገሪያት። ከዚያ አንድ ነገር አሳዪያት፦ የኦሜላስ ሕግ ለዚያ ልጅ አንድ ደግ ቃል እንኳ መናገር ይከለክላል፣ የተናገረ ዕለት የከተማው ደስታ ሁሉ ይጠፋል። እነሱ ቤት እንዲህ ያለ ሕግ አለ? ሠራተኛዋ የማታ ትምህርት ብትጀምር የሚፈርሰው ምንድን ነው? እሑድ ብታርፍስ? አብራቸው ገበታ ብትቀርብስ? ራሷ ትቁጠረው። አንቺ መልሱን አትስጫት።

ለክፍሉ ግን «ስለ ቤታችሁ ሠራተኛ ጻፉ» የሚል የቤት ሥራ በፍጹም አትስጪ። እናቷ ቤይሩት ወይም ዱባይ ሰው ቤት እየሠራች የምታስተምራት ልጅ እዚያው ወንበር ላይ ልትኖር ትችላለች። ወላጆች ከጠሩሽ ደግሞ ሳትፈሪ ያነበብሽውን ታሪክ አንብቢላቸው። ከጥቂት ገጽ አይበልጥም።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ ትምህርት ቤት የሎይስ ሎውሪን «ዘ ጊቨር» እያነበበ ነው። አማርኛ ይሰማል፣ ይናገራል፣ ማንበብ ግን አይችልም። ስለ መጽሐፉ ላወራው ብፈልግ «ፋይን» ከማለት ሌላ ነገር አይወጣውም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይጠይቁት። «እናትህ እንግሊዝኛውን አላነበበችውም፣ ታሪኩን በአማርኛ ንገራት» ይበሉት። ጦርነትም ረሃብም የሌለበት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት የሆነበት ማኅበር እንደሆነ ይናገራል፣ ስለ ዋናው ገጸ ባሕርይ ስለ ዮናስም ያወራል፣ እዚያ ድረስ አይቸገርም። ከዚያ መንትያ ሆነው ከተወለዱት ሕፃናት ትንሹ ላይ ይደርሳል። በመጽሐፉ ቋንቋ ሕፃኑ «ሪሊስ» ተደረገ ነው የሚባለው፤ ማኅበሩ ይህን ቃል የሚጠቀመው ሰው ሲሸኝ ነው፣ ዮናስም አባቱ መርፌውን ሲወጉት እስከሚያይ ድረስ ትርጉሙን አያውቅም። ልጅዎ እዚያ ሲደርስ አማርኛ ያጣል። «ለቀቁት» ይላል፣ እናቱ «የት ሄደ ታዲያ?» ትለዋለች። «ሸኙት» ይላል። «አሰናበቱት» ይላል። እርስዎ አያግዙት። ቃል ይፈልግ፣ ዝም ብለው ይጠብቁት። አማርኛው አንድ ቃል ብቻ እስኪቀረው ድረስ ይሞክራል፣ ያን ቃል ሲለው ፊቱን ያዩታል፤ የዚያን ቀን ማታ «ፋይን» አይልዎትም።